ልብሱ የስቱዲዮው ነው

የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ሽታ ኮምጣጣ ነው። አፍንጫን ቆንጠጥ አድርጎ ይይዝና ቀስ ብሎ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ልጆች ሳለን አባቴ ከጨለማው ክፍል ሲወጡ ያ ሽታ ቀድሟቸው ይደርስ ስለነበር፣ እኔና እህቴ ኮቴያቸውን ሳንሰማ «አባዬ ጨረሱ» እንባባል ነበር። ስቱዲዮው ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ ዝናብ በጠና ቁጥር ግድግዳው እርጥበት ይስብና ያንኑ ሽታ መልሶ ይተፋዋል፤ እኔም ያን ጊዜ የመተላለፊያውን በር ገርበብ አድርጌ ጥቂት መቆም እወዳለሁ።

ስቱዲዮው ከመንገዱ በኩል ነበር፤ መኖሪያችን ደግሞ ከኋላው። ደንበኛ የሚቀመጥባት አንዲት ክብ በርጩማ ነበረች፤ ከበርጩማዋ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አንድ ቀለም ቀቢ የእብነ በረድ ደረጃ ሥሎበታል። ደረጃው ከወለሉ ተነስቶ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይወጣና የትም አይደርስም፤ ሰውዬው ጣሪያው ዘንድ ሲደርስ ቦታ አልቆበት ተወው። በደረጃው መደገፊያ ጫፍ ላይ ክብ መብራት አለ፤ እሱም እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነው። አባቴ መብራቱን ባዩ ቁጥር ሊያስተካክሉት ይዝቱ ነበር፤ አላስተካከሉትም።

ከበሩ ጀርባ አንድ ጥቁር ኮት፣ ጥቂት ክራቫቶችና አንድ የምረቃ ጋዋን ከነቆቡ ተሰቅለው ይኖሩ ነበር። ኮቱ ቀጭኑንም ወፍራሙንም እኩል ያገለግላል፤ ለቀጭኑ ከጀርባው በልብስ መቆንጠጫ ይሰበሰባል፣ ለወፍራሙ ቁልፉ ሳይቆለፍ እጁን ደረቱ ላይ እንዲያደርግ ይነገረዋል። አባቴ «ይህ ኮት ከእኔ ይበልጥ ሠርግ አይቷል» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ጋዋኑን ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ነው የሰጣቸው፤ ያሰፋው ሰው ሳይመለስ ቀርቶበት። የተመረቁት ልብሳቸውን መልሰው ካስረከቡ በኋላ ፎቶ ሲያምራቸው ይመጡና ይለብሱታል። ያልተመረቁትም፣ መመረቅ የነበረባቸው ግን ኑሮ ያላደላቸው፣ እነሱም ይመጣሉ። አባቴ ማን የትኛው እንደሆነ አይጠይቁም። ሰውየው እያፈረ እጅጌውን ሲያስተካክል አንድ ነገር ብቻ ይሉታል፤ «ልብሱ የስቱዲዮው ነው፤ ፊቱ ግን የራስህ ነው። እኔ የማነሳው ፊትህን ነው።» ማን ምን ለብሶ እንደተነሳም ለማንም ተናግረው አያውቁም። የሰፈሩ ሰው ይህን ያውቅላቸው ነበር።

ሽቦን ያወቅነው በዚያ ዘመን ነው። ከእኛ አጠገብ ካለው የፍሪጅ መጠገኛ የሚሠራ ረጅም፣ ቀጭን ወጣት ነበር። ኪሱ ሁልጊዜ በመዳብ ሽቦ የተሞላ ስለሆነ ስሙ ተረሳና ሽቦ ሆኖ ቀረ። የስቱዲዮው መብራት በተቃጠለ ቁጥር በመስኮት እንጠራዋለን፤ እሱም መሰላሉ ላይ ሆኖ አባቴን ይተርባቸዋል። «ጋሽዬ፣ እርስዎ ሰውን የሚያሳምሩት በመብራት ነው፤ መብራቱን እኔ ባልጠግነው ይህ ሁሉ ሙሽራ ምን ሊሆን ነበር?» ይላል። አባቴም «ውረድና አንተን ላሳምርህ፤ ያን ጊዜ ጉዴ ይታያል» ይሉታል። ሲሄድ ደግሞ የመሰነባበት ችግር ነበረበት። በሩ ላይ አንዴ፣ መንገዱ ላይ አንዴ፣ ማዶ ሲደርስም ዞሮ አንዴ ይሰናበታል። እናቴ «ይህ ልጅ ሄዶ አያልቅም» ትል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ስቱዲዮው ሊዘጋ ሲል፣ ሽቦ መሰላል ሳይዝ መጣ። ጸጉሩን ተስተካክሏል። እናቱ ታመው ተኝተዋል፤ ልጃቸው ከትምህርት ቤት የወጣው በእሳቸው ምክንያት እንደሆነ እያነሱ ያለቅሳሉ። ሽቦ ይህን እየተንተባተበ ለአባቴ ነገራቸውና ዓይኑን ወደ ጋዋኑ ወረወረ። አባቴ ጥፍሩ ውስጥ የገባውን ጥቁር ቅባት እንዲታጠብ ሳሙና ሰጡት፤ እኔን ነጩን አንጸባራቂ ሸራ አስያዙኝ። «አገጭህን ትንሽ ዝቅ። ዓይንህን ወደ እኔ» አሉት። እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ ብቻ ይታዩ ነበር።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ አባቴ ከጨለማው ክፍል ቶሎ አልወጡም። ብርሃኑ ከግራ መጥቶ ጉንጩ ላይ ያርፍና ዓይኑ ውስጥ አንዲት ነጥብ ይተዋል። ሽቦ እዚያ ላይ ያፈረም የኮራም፣ ሁለቱንም ሊደብቅ የሚሞክር ሰው ነበር። በዕድሜያቸው ካነሷቸው ሁሉ የሚበልጠው ያ እንደሆነ አባቴ ሲያረጁም ይናገሩ ነበር። ሆኖም መስኮቱ ላይ ሊሰቅሉት አልቻሉም፤ የሰው ምስጢር ነው። የሌላው ሰው ሁሉ ፎቶ መንገደኛ ሲያየው፣ ያ አንዱ፣ ለሽቦ አንድ ቅጂ ተሰጥቶ፣ በፖስታ ታሽጎ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ይህ ነገር ልባቸው ውስጥ እንደ እሾህ ተሰክቶ ይኖር እንደነበር የገባኝ ግን በቅርቡ ነው።

ዘመኑ ተለወጠ። ሰው ሁሉ ካሜራውን በኪሱ ይዞ መዞር ጀመረ፤ ስቱዲዮውም ተዘጋ። የፊተኛው ክፍል እህል ማስቀመጫ፣ ቀጥሎም የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆነ። በመጨረሻ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛና ኮምፒውተር ይዞ ገባበትና የኩባንያ ቢሮ አደረገው። እኛ ቤት «አለቃ» ነው የምንለው፤ ራሱን ጨምሮ በሦስት ሰው ኩባንያ ሥራ አስፈጻሚ ስለተባለ። የሚሠሩት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። የመድኃኒት ቤት ፍሪጅ ውስጥ ትቀመጥና ቅዝቃዜው ሲዛባ ለባለቤቱ በስልኩ ትናገራለች። የስልኩን መተግበሪያ የሠራው አለቃ ነው፤ ሒሳቡንና ደንበኛውን አንዲት ጓደኛው ትይዛለች። መሣሪያዋን ከፍሪጁ ጋር ያስማማው ሽቦ ነው። ጸጉሩ ሸብቷል፣ ኪሱ ግን አሁንም በሽቦ የተሞላ ነው።

እንግዲህ ገንዘብ የሚያወጡ ባለሀብቶች ሊመጡ ሆነ። አለቃ እንዳስረዳን ከሆነ፣ ባለሀብት ከዕቃው በፊት ሰዎቹን ነው የሚያየው። ስለዚህ ለእነሱ በሚያሳዩት ስላይድ ላይ «አመራሩ» የሚል ገጽ አለ፤ የእያንዳንዱ ፊት፣ ከፊቱ ሥር ኃላፊነቱ፣ ከዚያም ሥር ከየት እንደመጣ። ይህን ሲያዘጋጁ እኔም አንድ ቀን ተቀምጬ አዳምጫለሁ። አለቃ ባንክ ቤት ለአጭር ጊዜ ማተሚያ ማሽኖች ሲያስተካክል ቆይቶ ነበር፤ ያ «በባንክ ዘርፍ የቴክኖሎጂ ልምድ» ሆነ። ጓደኛው አክስቷ ሱቅ ስልክ ትሸጥ ነበር፤ ያ ደግሞ «በችርቻሮ ገበያ የዳበረ አመራር»። አባቴ ከጥግ ሆነው እየሳቁ «ይህማ ጥቁሩ ኮቴ ነው፤ በመቆንጠጫ የሚሰበሰበው» አሉ። እኛም ሳቅን። የሽቦ ተራ ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። «ዋና የቴክኒክ ኃላፊ» ከሚለው ሥር «ፍሪጅ ጠጋኝ» ብለው ጽፈው አዩትና አጠፉት። ሽቦን ሲጠይቁትም ግቢው ውስጥ የፍሪጅ ኮምፕረሰር እየፈታ፣ የፈለጋችሁትን ጻፉ፣ ብቻ ፎቶ ተነሳ አትበሉኝ ብሎ መለሳቸው።

የቀጣዩን ነገር አለቃ በኋላ ነው የነገረኝ፤ እኔ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ። የሽቦን ፎቶ ሲያጡ አባቴ ተነሱ፤ መሳቢያውን ከፍተው ያን ፖስታ አወጡና ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። መቁረጥ ይቻላል፣ ፊቱን ብቻ ውሰዱ፣ አሉ። ልጆቹ ግን ጋዋኑን አዩ።

«ለካ ጋሼ ሽቦ ተመርቋል!» አለ አለቃ። «አባባ፣ በምን ነው የተመረቀው?»

አባቴ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉት። «ብርሃኑን እይ» አሉት። «ከግራ ነው ያመጣሁት። ዓይኑ ውስጥ ያለችው ነጥብ ትታይሃለች?»

ያ ብቻ ነበር መልሳቸው። አለቃም የሽቦ ሥራ የኤሌክትሪክ ስለሆነ ምረቃውም በዚያው ይሆናል ብሎ ጻፈው። እውነት ነው ብሎ ነው የጻፈው፤ ጋዋኑ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ የኖረው እሱ ሳይወለድ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት አባቴ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃታቸው። ለአለቃ ልንገረው ብለው ወደ ፊተኛው ክፍል ይሄዳሉ፤ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ይመለሳሉ። ለምን እንደሄዱ ስጠይቃቸው ውሃ ጠምቶኝ ነው ይሉኛል፤ ውሃው ግን ያለው እኛ ዘንድ ነው። ቢናገሩ የሽቦን ምስጢር ለልጆች ማውጣታቸው ነው፤ ይህን በዕድሜያቸው አላደረጉም። ዝም ቢሉ ደግሞ ሽቦ ባልወጣበት ደረጃ ላይ ቆሞ ሊታይ ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ሲነግሩኝ ግን ለራሳቸው አላደሉም። «ምስጢሩን ብዬ አይደለም» አሉኝ። «ፎቶዬ ይታይልኝ ብዬ ነው። ጋዋኑን ካዩት በኋላ ቆርጠህ ጣለው ማለት አቃተኝ።»

ቀኑ ደረሰ። የመጡት ሁለት ናቸው፤ አንዲት ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ባለሀብትና አብሯቸው የመጣ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚጽፍ ወጣት። ክፍሉ ተጠርጓል። ስላይዱ የሚበራበት ሰሌዳ መግዣ ስላልነበረ የእኛን ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠሩ፤ አንሶላው የተሣለውን ደረጃ አብዛኛውን ሸፈነው። እዚያ ግድግዳ ሥር እየኖርን ደረጃውን ማየት ከተውን ቆይተናል፤ ማንም አላሰበውም። አባቴ የዕለቱን ፎቶ እንዲያነሱ በአለቃ ትንሽ ካሜራ ጥግ ላይ ቆሙ፤ እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ሽቦ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ለማሳያ ከመጣው ፍሪጅ አጠገብ ተቀምጧል።

የአመራሩ ገጽ በራ። ሽቦ በወጣትነቱ፣ ጋዋን ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ በሰው ቁመት ልክ አንሶላው ላይ ቆመ። ከታች «በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀ» ይላል። ሽቦን አየሁት። መጀመሪያ ሌላ ሰው መስሎት ነበር። ከዚያ አወቀው፤ እጆቹንም ቀስ ብሎ ጉልበቶቹ መካከል ከተታቸው።

ባለሀብቷ ፎቶውን አይተው ፈገግ አሉ፤ ቀጥሎም ዓይናቸው ከአንሶላው ጠርዝ አለፈ። በፎቶው ላይ ከሽቦ ትከሻ ጀርባ የተጀመረው የደረጃ መደገፊያ በአንሶላው ጠርዝ ተቆርጦ፣ ግድግዳው ላይ ይቀጥላል። ያዘነበለው ክብ መብራትም አንዱ በብርሃን አንሶላው ላይ፣ አንዱ በቀለም ከጎኑ፣ ሁለት ሆኖ ቆሟል።

«ኮሌጁ እዚሁ ነበር እንዴ?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ ጨዋታ ነው።

አለቃ ፈጠን ብሎ ይህ ክፍል የአያቱ ስቱዲዮ እንደነበረ፣ ተመራቂዎች ለፎቶ እዚህ ይመጡ እንደነበር አስረዳ። ከዚያም ዞር ብሎ «አይደል፣ አባባ?» አላቸው።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አባቴን አየ። ሽቦም አያቸው። አባቴ ካሜራውን ከደረታቸው ወደ ዓይናቸው አነሱት፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ተሸፈነ።

«አዎ» አሉ ከካሜራው ጀርባ። «ይመጡ ነበር።»

ተመራቂዎች ይመጡ ነበር፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ያን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ከጨለማው ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር።

ባለሀብቷ ወደ ሽቦ ዞረው የት እንደተማረ፣ ወንድማቸውም የዚያው ሙያ ሰው ስለሆነ ምናልባት ይተዋወቁ እንደሆነ በትሕትና ጠየቁት። ሽቦ ከመቀመጫው ተነሳ። ሰውን ለማክበር እንደሚነሳ ሰው ነው የተነሳው።

«አልተመረቅሁም» አለ። «ትምህርቴን በልጅነቴ ነው ያቋረጥኩት። ልብሱ የስቱዲዮው ነው።»

ከዚያም ወደ ፍሪጁ ሄደና መሣሪያዋን አስገባት፤ በሩን ከፍቶ ሙቀት አስገባበት። ጥቂት ቆይቶ የአለቃ ስልክ ጮኸ። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሠራ፤ ያ ግን ይበልጥ ከበደን። ባለሀብቷ በትዕግሥት ጨርሰው አዩ። ሲወጡ መተላለፊያው ላይ እኔን አልፈው ለአለቃ ያሉትን ሰምቻለሁ፤ «ፍሪጅ ጠጋኝ ብላችሁ ጽፋችሁት ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥያቄ አልነበረኝም። አሁን ግን የሌሎቻችሁንም መስመር መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።» ከጥቂት ቀናት በኋላም ለጊዜው ገንዘብ እንደማያወጡ፣ ገጹ እንደገና ተጽፎ እያንዳንዱ ነገር ከተረጋገጠ ግን ዳግም ሊያዩት ፈቃደኛ እንደሆኑ አስታወቁ።

አለቃ ወደ ሽቦ ቤት ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ሽቦ፣ አንተ ልጅ ነህ፣ ያየኸውን ነው የጻፍከው ብሎ ሸኘው። ለአባቴ የተላከ ቃል አልነበረም። አባቴ ጢማቸውን መላጨት ተዉ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይሉና የወተት አመላላሹ ሆኖ ሲያገኙት እንደገና ይቀመጣሉ። ይሂዱና ያነጋግሩት ብላቸው፣ ምን ብዬ ነው ደጁን የማንኳኳው፣ አሉኝ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከራሳቸው ጋር እንደሚነጋገሩ ሁሉ «ያን ካሜራ አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩ እኮ» አሉ። «የሱ ፊት ግልጥ ብሎ ተቀምጦ።»

አለቃ ገጹን እንደ አዲስ ሲጽፍ ከራሱ ጀመረ፤ ባንክ ቤት የማተሚያ ማሽን ሲጠግን መቆየቱን እንዳለ አስቀመጠው። አዲስ የሽቦ ፎቶ ግን ያስፈልግ ነበር። ሽቦ እሺ እመጣለሁ አለ። ይህን ሲሰሙ አባቴ ተላጩ፤ የድሮውን ካሜራቸውን ጠርገው ፊልም ፈለጉለትና ስላጡ የአለቃን ትንሽ ካሜራ አቆሙ። በርጩማዋን ከማከማቻው አውጥተው አቧራዋን አራገፉ።

ሽቦ በሥራ ልብሱ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። አልተረበም፤ መብራቱንም ቀና ብሎ አላየውም። እኔ እንደ ልጅነቴ ነጩን ሸራ ይዤ ቆምኩ። አባቴ ያን ፖስታ፣ ፎቶውን ከነኔጋቲቩ፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ፊቱ ቆሙ።

«ዝም ያልኩት አንተን ለመሸፈን አይደለም» አሉት። «ለፎቶዬ ብዬ ነው። ሲጠይቁኝም ዕድል ነበረኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።»

ሽቦ ለጥቂት ጊዜ የተሣለውን ደረጃ አየ።

«እናቴ ልብሱ የማን እንደሆነ ያላወቀች መስሎዎት ነው?» አለ። «እኔም መስሎኝ ነበር። ገና ሳሳያት ሳቀች። ‹የፎቶ ቤቱ ነው፤ እጅጌው ዋጠህ እኮ› አለችኝ። ከዚያ አልጋዋ ፊት ለፊት አሰቀለችው። ለመጣው ሁሉ ‹ልጄ ነው› ትላለች እንጂ ‹ተመራቂ ነው› ብላ አታውቅም።» ፖስታውን ተቀበለና ሽቦዎቹ ካሉበት ኪስ ከተተው። «ያ ፎቶ ማንንም ዋሽቶ አያውቅም ነበር፣ ጋሽዬ።»

አባቴ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ወደ ካሜራው ተመለሱ። ጎንበስ ብለው በካሜራው መስኮት ተመለከቱ። እኔም ሸራውን ከፍ አድርጌ ብርሃኑን ከግራ መለስኩት።

«አገጭህን ትንሽ ዝቅ» አሉ እንዳጎነበሱ። «ዓይንህን ወደ እኔ።»

ሽቦ ከበርጩማዋ ተነሳ። በሸራው ሥር ጎንበስ ብሎ በአጠገቤ አለፈ፤ በሩ ላይ አልቆመም፣ መንገዱ ላይም አልዞረም።